የጠጣ ግድግዳ ዋጋ

ካምፐሩ፣ ያ ቤት የሆነው የጉዞ መኪና፣ አምስት ወር ሙሉ ሳይሸጥ የቆመው ኢቫኖ ዋጋውን ስለቆለለውና አፉን መዝጋት ስላቃተው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው አዲስ ነው፣ አልጋውም ምድጃውም መጸዳጃውም ከብዙ ሰው ቤት ይልቅ ንጹሕ ነው። ሃያ ዓመት ካለፈው መኪና ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል? ዲሌታ ይህንን ለአባቷ ስንት ጊዜ እንደነገረችው መቁጠር ትታለች።

በጣሊያኗ ፖጂቦንሲ ከተማ ውስጥ ካምፐር ሠርቶ የማያውቅ፣ ወይም የሠሪ ዘመድ ያልሆነ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ኢቫኖም ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው የካምፐር ፋብሪካ የግድግዳ ክፍል ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። የግድግዳ ክፍል ሰዎች የራሳቸው አነጋገር አላቸው። ዝናብ በመገጣጠሚያው ሾልኮ ውስጥ ያለውን እንጨት ሲያበሰብሰው «ውሃ ገባበት» አይሉም፤ «ግድግዳው ጠጣ» ነው የሚሉት። የጠጣን ግድግዳ ከፍቶ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ፣ አድርቆ መልሶ ማሸግ የሙያቸው ጫፍ ነው። እንዲህ የዳነ ግድግዳ በነሱ ዘንድ ትናንት ከፋብሪካ ከወጣው ይበልጣል፤ የትናንቱን የማን እጅ እንደነካው አይታወቅማ።

ችግሩ ይህን የሚያምኑት እነሱ ብቻ መሆናቸው ነው። አሮጌ ካምፐር የሚገዛ ሰው ፊት «ጠጥቶ ነበር» ማለት፣ ፈረስ ሻጭ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የረገጠኝ» እንደሚለው ነው። ኢቫኖ ግን ቃሉን ማስታወቂያው ላይ አስፍሮታል፣ ያውም በመጀመሪያው መስመር፦

«የቀኝ የኋላ ማዕዘኑ አንድ ጊዜ ጠጥቶ በባለሙያ እጅ የዳነ። ሃያ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ዩሮ። ዋጋው ቁርጥ ነው። ጊዜ የሚያባክን ሰው አይደውል።»

ከሦስት ሰው በቀር ማንም አልደወለም። የደወሉት ሦስቱም «ጠጥቶ ማለት?» ብለው ጠየቁ፤ ኢቫኖ ሃያ ሃያ ደቂቃ አብራራላቸው፤ ተመልሰው አልደወሉም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ተነሥቶ፣ ዲሌታ ኮምፒውተሯን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተች። ፍሎረንስ ስታቲስቲክስ ተምራ ተመርቃለች፤ አባቷ ግን ቁጥር ስታወራ የሚሰማት ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው ነው።

«እይው፤» አለ ኢቫኖ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን የሌሎች ሻጮች ማስታወቂያዎች በጣቱ እያሳየ፤ «ይሄ የኔ እኩያ ነው፤ ሃያ አምስት ሺህ። ይሄ እንዲያውም ሶላር የለውም፤ ሃያ ሰባት።»

«አባዬ፣ ይሄ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። የሻጩ ምኞት ነው። ሁሉም እንዳንተ ያለ ሽማግሌ የጻፈው ነው።»

«ሽማግሌ!»

«እዚህ ያሉት አሥራ አራቱም ጋ ደወልኩ። አሥራ አንዱ እስከ ዛሬ ከነካምፐራቸው ቁጭ ብለዋል። አንዱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የሸጡት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ በአሥራ ሰባት፣ በአሥራ ሰባት ተኩል፣ በአሥራ ዘጠኝ።»

«እነሱ ቸኩለው ነዋ።»

«እኛስ?»

የኢቫኖ ቤተሰብ በሁለት በኩል ቸኩሏል። እናትየው ሞሬና ዳሌዋ ከደከመ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅላ ቀርታለች። ሕንጻው አሳንሰር የለውም፤ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ከሰኔ ወዲህ የወረደችው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሐኪም ጋ። በስታጂያ መንገድ ምድር ቤት ያለ፣ ትንሽ ግቢ ያለው ቤት አግኝተዋል። ሻጯ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ናት፤ እስከ ቅዳሜ ቀትር እጠብቃችኋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላለች። ለቅድሚያ ክፍያው የጎደለው የካምፐሩ ዋጋ ነው። አሥራ ሰባት ቢሆን ይሞላል። ሃያ ስድስት ተኩል አያስፈልግም።

«ሶላሩን ማን ይከፍለኛል?» አለ ኢቫኖ። «የሚዘረጋውን ጥላስ? የኋላ ካሜራውንስ? የእጄን ሥራ አስቢው፤ ሁለት መቶ ሰዓት ነው!»

«ያንተን ሰዓት ማንም አይገዛም። ሰው የሚገዛው መኪና ነው።»

«እሱ ነው እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት።»

ሞሬና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። «ቀስ በሉ፤» አለች ቀና ሳትል፤ «አደባባይ ያለው ሁሉ ዋጋችንን አወቀው። መግዛት ግን የፈለገ አላየሁም።»

አሥር ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው ነበር። ፎስኮ ይባላል፤ ከኤምፖሊ፤ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፣ አሁን ጡረተኛ ነው። ዲሌታ ናት ያገኘችው፤ ስልክ ላይም «በዋጋው እንነጋገራለን» ያለችው እሷ ናት፤ ለአባቷ ግን አልነገረችውም። ደረጃውን ሲወርዱ ክንዱን ያዘችው።

«ስለ ግድግዳው ማስታወቂያው ላይ ጽፈሃል። ሰውየው አንብቦት ነው የመጣው። አትድገመው። ከጠየቀህ ንገረው፣ ካልጠየቀህ ስለ ሞተር ዘይት አውራ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ፎስኮ አጭር፣ ወፍራም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ገና እጅ ሳይጨባበጡ ኢቫኖ መኪናውን ዞሮ የኋላውን ማዕዘን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «እዚህ ጋ ነው የጠጣው፤» አለ፣ ልጁን እንደሚያስተዋውቅ ሰው ፊቱ በርቶ።

ዲሌታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጠጥቶ ነበር?» አለ ፎስኮ። «እኔም ጠጥቼ አውቃለሁ ወንድሜ። ሚስቴ ግን ዋጋዬን አልጨመረችልኝም።»

ኢቫኖ አልሳቀም። እንጨቱን እንዴት እንደቆረጠ፣ ስንት ቀን እንዳደረቀ፣ በምን እንዳሸገ መዘርዘር ጀመረ። ፎስኮ እስኪጨርስ ጠበቀና ከኪሱ የመነጽር ማኅደር አወጣ። ውስጡ ሁለት መርፌ ያለው እርጥበት መለኪያ ነበር።

«አይከፋህም?»

«ለምን ይከፋኛል? ለካ።»

መለኪያው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ጢጥ ይላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ግድግዳው ደርቋል ማለት ነው። ፎስኮ ከፊት ጀምሮ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ ጣሪያው ጋ ቀና እያለ ለካ። ስምንት። ዘጠኝ። ስምንት። ዘጠኝ። ዲሌታ በሩ ላይ ቆማ የጣቷን ጥፍር ትበላለች። የቀኙ የኋላ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ለካው፤ ማሽኑን አራገፈና ደገመው።

«ሰባት።» መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ደረቅ ነው። እውነቴን ነው፣ ከኔ መኝታ ቤት ይደርቃል።»

ከዚያ ሞተሩን አስነሣ፣ ጆሮውን አቀናለት፣ የምድጃውን እሳት አብርቶ አጠፋ። ወርዶ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አሥራ ስምንት ሺህ። ዛሬውኑ። የስም ዝውውር ቢሮው ማዶ ነው፣ አይደል? ከመዘጋቱ በፊት እንጨርሳለን።»

አሥራ ስምንት። ዲሌታ ከአሥራ አራት ሰው ጋር ስልክ ለስልክ ተጨቃጭቃ የደረሰችበት ቁጥር። አንድ ዩሮ አልተጨመረ፣ አንድ ዩሮ አልጎደለ። ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ኢቫኖ ግን መለኪያውን ነው የሚያየው።

«ሰባት አለ አይደል?»

«ሰባት።»

«ፋብሪካው የሠራው ስምንት፣ ዘጠኝ። የኔ ሰባት።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሃያ ስምንት ሺህ ነው።»

ፎስኮ ሳቀ። ቀጥሎ የኢቫኖን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። «ማስታወቂያው ላይ ሃያ ስድስት ተኩል ነበር እኮ።»

«ያኔ ማስረጃ አልነበረኝም። ይኸው አንተ አመጣህልኝ።»

«አባዬ!»

«ምን ‹አባዬ›? የለካው እሱ ነው! እኔ አልለካሁም!»

ፎስኮ ማሽኑን ወደ ማኅደሩ መለሰ። «እዚያ ቡና ቤት ቁጭ እላለሁ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል ወደ ኤምፖሊ ነው የምነዳው።» አልፏት ሲሄድ ወደ ዲሌታ ጠጋ አለ። «አይዞሽ የኔ ልጅ። የኔም አባት እንዲህ ነበር። አንድ ትራክተር ነበረው።»

«ከዚያስ?»

«ሳይሸጠው ሞተ።»

ዲሌታ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። አባቷ ከኋላ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ገብቶም እጁን መታጠብ ጀመረ፣ ሥራ ውሎ እንደመጣ ሰው። እንዲህ መረጋጋቱ ነው ይበልጥ ያበገናት።

«ገዢ በእግሩ መጥቶ ትክክለኛውን ዋጋ ሲጠራልህ ጨመርክበት! በምድር ላይ ዋጋ ቀንስ ሲባል የሚጨምር ሰው አንተ ብቻ ነህ!»

«ትክክለኛ ዋጋ የሚባለው ነገሩ የሚያወጣው ነው።»

«የሚከፈለው ነው!»

«አንቺ ያንን ሠንጠረዥሽን ስትሠሪ የኔን ግድግዳ አንድ መስመር ጻፍሽው?»

አልጻፈችውም። ዓመቱን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የአልጋውን ብዛት ጽፋለች። «አልጻፍኩትም። ለምን እጽፈዋለሁ?»

«ሰባት ነው ያለው!»

«ለአንተ ሰባት ነው፤ ለገበያው ዜሮ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራኸውን ፋብሪካው ከፍሎሃል፤ ከፎስኮ ላይ ድጋሚ ልትሰበስበው ነው?»

ኢቫኖ ፎጣውን ይዞ ቆመ። ንግግሩ እንደጎዳው አወቀች፤ ይቅርታ ለማለት ግን ትዕግሥቱም ጊዜውም አልነበራትም። ሰዓቷን አየች። ቢሮው ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል።

«እማዬ፣ አንቺ ንገሪው። ላንቺ ቤት እኮ ነው!»

ሞሬና የባቄላውን ሳህን ከጭኗ ላይ አንሥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። «ሊብሬው በማን ስም ነው?» አለች።

«በምን?» አለ ኢቫኖ።

«የመኪናው ሊብሬ። በማን ስም ነው ያለው?»

«ያው ባንቺ። ኢንሹራንሱ ባንቺ ስም ስለሚረክስ ብለን አይደል?»

«ስለዚህ የሚፈርመው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ፤ ግን እነሱ ፊት ነው የሚፈረመው፤ ቢሮ ድረስ ካልሄድሽ…»

ሞሬና ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ሽርጧን ፈታች። ከመሳቢያው ሊብሬውንና መታወቂያዋን አውጥታ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ምርኩዟን ከወንበሩ ጀርባ አነሣች።

«እማዬ፣ ልያዝሽ።»

«ተይኝ። አምስት ወር እዚህ ቁጭ ብዬ ሰማኋችሁ። እሱ ግድግዳ ይላል፣ አንቺ ቁጥር ትያለሽ። ‹አንቺስ ስንት ትያለሽ?› ያለኝ የለም።»

እውነት ነው፤ ዲሌታ አልጠየቀቻትም። እናቷን ሠንጠረዡ ውስጥ ያስገባቻት እንደ ቅዳሜው የጊዜ ገደብ ብቻ ነበር።

«ሰባ ሁለት ደረጃ ነው ሞሬና፤» አለ ኢቫኖ።

«ቆጥሬዋለሁ። አንተ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ስትጥል ቆሜ አላይም።»

ጫማዋን በአንድ እግሯ እየገፋች አጠለቀችው። ሁለተኛው እንቢ አላት፤ ዲሌታ ጎንበስ ልትል ስትል ምርኩዙ መንገዷን ዘጋት። ሁለቱም ቆመው አዩዋት። ጫማው ገባ።

ሞሬና በሩን ከፈተች። ከደረጃው የሲሚንቶ ቅዝቃዜ መጣ።

ኢቫኖ ፎጣውን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ተከተላት። «እሺ፤ ቢያንስ አሥራ ዘጠኝ ተኩል በይው!» አለ። «ሰባት ነው ያለው በይው፣ ራሱ ያውቀዋል!»

ሞሬና ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ስባ ዘጋችባቸው።