ጥቁር ክፈፍ ያለው ገጽ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቱ አዘጋጅ ሐዘን ቤቱ ገባና ኮቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠ። የሟች ሚስት ሻይ ስታቀርብለት እግዜር ያጽናሽ አላት። ወዲያው በዚያው ድምፅ፣ ሟች ከመታመሙ በፊት የላከለትን አጭር ልቦለድ በሚቀጥለው እትም ሊያወጣው እንዳሰበ ነገራት።

«ግማሽ ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር» አለ። «መሞቱን ስሰማ አወጣሁት። አልዋሽሽም፣ በሕይወት ቢኖር ኖሮ አላነበውም ነበር። ግን ጥሩ ነው። ጥቁር ክፈፍ ያለው ገጽ እንሰጠዋለን።»

ሚስትየዋ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ባሏ ይህችን አንዲት ወሬ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ኖሮ ወሬዋ አፈር ከለበሰ በኋላ መጣች። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት አዘጋጁ እጁን አነሳ። ወራሿ እሷ ስለሆነች የእሷ ፊርማ ይበቃዋል፤ ቢሆንም በኋላ ጭቅጭቅ ስለማይፈልግ ዘመዶቹ አስቀድመው ይስሙት አለ። ከኮቱ ኪስ ወረቀቱን አወጣ።

ባሏ መድኃኒት ቤት ነበር የሚሠራው። ከእራት በኋላ ሳህኑ ሳይነሳ ወረቀቱን ይዘረጋል። የጻፈውን ራሱ ወስዶ መስጠት ስለሚያፍር ፖስታውን መጽሔቱ ቢሮ የምታደርሰው እሷ ነበረች፤ መልሱን ይዛ የምትመለሰውም እሷ። አዘጋጁ ደብዳቤ መጻፍ አይወድም፤ እዚያው በር ላይ እንዳቆማት ነው የሚነግራት። አንድ ቀን ፖስታውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «የታሪኩ ሰዎች እንጨት ናቸው። ለባልሽ ሌላ የሚያዝናናው ነገር ፈልጊለት» አላት። የቢሮው ጸሐፊ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ሚስትየዋ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስታገላብጥ ቆይታ ቤት ስትደርስ፣ «ወዶታል። ሰዎቹን ትንሽ ጠጋ ብሎ ይያቸው ብሏል» አለችው። ባሏ ጉንጯን ሳማት። ከዚያ ወዲያ እውነትም ሰው ማየት ጀመረ። ዘመድ ቤት ሲሄዱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ማን እንዴት እንደሚያኝክ፣ ማን ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ አይኑን ሳይነቅል ያያል። የቀድሞዎቹን ሁሉ ያነበበላት ሰው የመጨረሻውን ግን አላነበበላትም። መድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ፣ ፖስታውን አሽጎ ሰጣት። «ይቺን ስትታተም ታነቢያታለሽ» አላት።

ወረቀቱን የተቀበለው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። መኪና መንዳት አስተማሪ ስለሆነ ድምፁ ከሞተር በላይ መጮህ የለመደ ነው። ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ታሪኩ አልጋ ላይ ስለወደቀ አንድ ሰው ነው፤ ዘመዶቹ በየተራ ሊጠይቁት ይመጣሉ። መጀመሪያ የመጣችው ሴት በሽተኛውን እንዴት አደርክ እያለች በጣቶቿ መጋረጃውን ትዳብሳለች። የሟች ታላቅ እህት ከሁሉ ቀድማ ሳቀች፤ ይቺን ሴትዮስ የማውቃት ይመስለኛል አለች። ወንድሟ ቀጠለ፤ ሴትየዋ፣ ምናልባት ካልዳንክ ይሄ መጋረጃ ለማን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ሳቋ ተቋረጠ። ባለፈው ወር በዚሁ ቤት፣ የታመመው ወንድሟ አልጋ አጠገብ ቆማ ይህንኑ ጠይቃ ነበር። እሱ ሲጽፈው ደግሞ ገና ራስ ምታት እንኳ አልጀመረውም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ወንድም ነው፤ የአገሩን ሰው ሁሉ መኪና ሲያስነዳ ውሎ በሽተኛውን አንዴ ሐኪም ቤት አላደረሰም። የአንባቢው ድምፅ እየወረደ ሄደ። ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ገለበጠ።

«ገጽ ዘለልክ» አለ አዘጋጁ ሻዩን እየጠጣ።

የሐዘን ቤቱ ሰው እግር እግሩን አየ። ታላቅ እህት ወንድሟ በሕመሙ ምክንያት አእምሮው ተነክቶ እንደነበር ለሁሉም ማስረዳት ጀመረች። ሚስትየዋ ቀስ ብላ፣ ሲጽፈው ጤነኛ ነበር እትዬ አለቻት።

«እንግዲያው ጆሮውን የሞላሽው አንቺ ነሻ። ይሄ ነገር ታትሞ ባይ ደጃፌን እንዳትረግጪ፣ እኔም ደጃፍሽን አልረግጥ።»

ታናሽ ወንድም ለማስታረቅ ሞከረ፤ ሁለቱን ሰዎች ከታሪኩ ማውጣት አይቻልም ወይ ሲል ጠየቀ።

«እነሱ ከወጡ የሚቀረው አልጋው ነው» አለው አዘጋጁ።

ሚስትየዋ ወረቀቱን ከዋርሳዋ እጅ ወስዳ ኩሽና በር ላይ ቆማ ለራሷ ማንበብ ጀመረች። እህት አለች፣ ወንድም አለ፣ ነርሷ ከነሚያፏጨው ጫማዋ አለች፣ ጎረቤቱ ከነሳሉ አለ። በሽተኛው መድኃኒቱን ራሱ ይቀዳል፣ ትራሱን ራሱ ያገላብጣል። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከዝናቡና ከጎረቤቱ ሳል መሃል፣ እንዲህ ይላል፦ ሰውየው አግብቶ አያውቅም። ገጾቹን ወደ ኋላ መልሳ ራሷን እንደገና ፈለገች።

ታላቅ እህት ፊቷን ስታይ ገባት። መጥታ በትከሻዋ በኩል አነበበች።

«እኛንስ ሰደበን» አለች፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «አንቺን እኮ ጭራሽ አልፈጠረሽም።»

ሚስትየዋ ወደ አዘጋጁ ሄዳ እስክሪብቶ ጠየቀችው። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ፈረመችና፣ «አንድም ሰው አይወጣም። እንዳለ ያትሙት» አለችው።

ታላቅ እህት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ታናሽ ወንድምም የመኪናውን ቁልፍ በኪሱ እየዳበሰ ተከተላት። የቀሩት እንግዶች ተነስተው በር በሩን ሲያዩ ሚስትየዋ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አራተኛው ገጽ ላይ «አግብቶ አያውቅም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሰረዘች። በላይዋ፣ ቃል ቃሉን እየለየች፣ «ሚስቱ መስኮቱን ከፈተችለት» ብላ ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበትና አጣጥፋ ለአዘጋጁ ሰጠችው።

አዘጋጁ ገልጦ አየውና ኪሱ ከተተው።

ልቦለዱ ወሩ ሳያልቅ በጥቁር ክፈፍ ወጣ። እህትየዋም ወንድምየውም እንዳሉ አሉበት። እሷ የሰረዘቻት ተመልሳ ገብታለች፤ እሷ የጻፈቻት የለችም። የባሏ ዘመዶች ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቷ አልመጡም።