የቅዳሜው ቅጠል

«ፎቶግራፉስ?» አሉ እማማ ጸሃይነሽ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ። «ፊቱን ሳናይ እንዴት እናልቅስ?»

የሻረግ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ውስጧን ሲበላት የነበረው ይኸው ጥያቄ ነው። አምሃ የለንደኑን የኤድመንተን ሰፈር ሐበሻ ክርስትናና ሠርግ ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ፣ የራሱ ፎቶግራፍ አልነበረውም። ካሜራው ሁልጊዜ እሱ እጅ ላይ ነዋ! ቤት ውስጥ የተገኘው አንድ ጉርድ ብቻ ነው፤ ጥገኝነት ሲጠይቅ ለክሮይደኑ የስደተኞች ቢሮ የተነሳው፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ማኅተም ትከሻው ላይ ያረፈበት። አምሃ ራሱ «ይሄ እኔ አይደለሁም፤ ሌባ ሲያዝ ነው» እያለ ይስቅበት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከሌሊት የመጋዘን ሥራው ሲመለስ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። የሻረግ ሆስፒታል ስትደርስ ሁሉም ነገር አልቋል፤ ዓይኑን እንኳ የከደነችለት አንዲት የማታውቃት ነርስ ናት። አስከሬኑ ምርመራ ላይ ስለሆነ ቀብሩ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። እዚህ አገር ሰው ሳይቀበር ይለቀሳል፤ እንዲህ ያለው ለቅሶ ደግሞ ቢያለቅሱት አይወጣም።

«ካሜራው ውስጥ አንድ አለች» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ሰልሏል። «ባለፈው እሑድ እኔ ያነሳሁት።»

አምሃ በአገሩ የግብርና ባለሙያ ነበር። ለንደን በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1992፣ ኦክቶበር ላይ የሰፈሩ ዛፍ ሁሉ ሲቀላ አየና «ዋግ መቶታል፤ ለካውንስሉ ማመልከት አለብን» ብሎ ተነሳ። ሰው በግድ አስቀረው። በሽታ ሳይሆን ቅጠሉ በየዓመቱ ሊረግፍ ሲል እንደሚቀላ ሲገባው ልቡ እዚያው ቅጠል ላይ ቀረ። ከከተማ ውጭ፣ በባቡር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ትልቅ ደን እንዳለ ሰማ። ያንን ሳያነሳ እንደማይሞት ምሎ ተገዘተ።

አንደኛው ዓመት የሻረግ ሺፍት የሚቀይራት አጥታ ጉዞው ቀረ። በሁለተኛው «ለቅጠል ተብሎ ባቡር ይሳፈራል እንዴ? ሰው ቢሰማ ምን ይለናል!» ብላ ሳምንት አስተላለፈችው። ሲደርሱ ደኑ ራቁቱን ቆሟል። አምሃ አንድም ፎቶ ሳያነሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳንድዊቹን በላና ተመለሰ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ኖሮ ዛሬ ይሻላት ነበር።

ዘንድሮ ግን የዋዛ አልነበረም። በየሰኞው ለደኑ ቢሮ እየደወለ «ስንት ፐርሰንት ቀላ?» ይላል። ስልክ የምታነሳዋ እንግሊዛዊት ድምፁን ለይታው፣ የቤቱን ስልክ ቁጥርም ይዛለት ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈው ወረቀት አሁንም እዚያው አለ፦ ቅዳሜ፣ የጠዋቱ ባቡር፣ ሁለት ፊልም፣ የሻረግ ኦፍ ናት። የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አስምሮባታል።

እሑድ ለት ከፎቁ ሥር ባለችው ብቸኛ ዛፍ አጠገብ ቆመላት። «ደኑ ውስጥ አንድ ታነሺኛለሽ። ዛሬ ተለማመጂ።»

«ብርድ ነው፣ አምሃ! ቶሎ በል።»

«ሌንሱን ሳትከፍቺ ነው የምታነሺኝ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ክዳኑን መጥቶ ነቅሎላት ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተውና ወደ ዛፉ ተመለሰ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ቁልፉን ተጫነችው። ያቺን ሳቅ ነው አሁን የምትፈልጋት፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ከፔርሙዝ ቡና ሲቀዳ የነበረው የአምሃ የሥራ ባልደረባ ዘርይሁን ብድግ አለ። «አይዞሽ፣ እትዬ የሻረግ። ፊልም በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያጥብ ሱቅ አለ፤ ሮጬ እመጣለሁ።» ካሜራውን ከመደርደሪያው አነሳ። ወዲያው «መኖሯን ቼክ ላድርግ እስቲ» አለና የኋላ ክዳኑን ከፈተው። ፊልሙን ጎትቶ አወጣ፤ ፎቶ ቤት ታጥቦ የመጣ ኔጋቲቭ እንደሚታየው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየው።

«ምንም የለውም እኮ» አለ ግራ ተጋብቶ።

የሻረግ ጮኸች። ሴቶቹ የባል ኀዘን መስሏቸው ተቀብለዋት አለቀሱ፤ ደረት ተመታ። ዘርይሁን ብቻ ፊልሙን እንደያዘ፣ ያልታጠበውን ፊልም ብርሃን እንዳቃጠለው ቀስ በቀስ ገባው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። የሻረግ ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ለስድብም አቅም አጣች። አምሃ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተባት።

በማግስቱ ቅዳሜ የክሮይደኑ ፎቶ ሰፍቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ማኅተሙም አብሮ ሰፍቷል። ሰው ሁሉ ወደዚያ የፈጠጠ ዓይን እያየ «ወይ አምሃ!» ይላል፤ የሻረግ ግን ቀና ብላ አላየችውም። አምሃ ቢኖር ይሄኔ ባቡር ውስጥ ነበሩ።

ስልክ ጮኸ። ከአገር ቤት የተደወለ መስሏቸው ሁሉም ወደ ስልኩ ዞሩ። ዘርይሁን አነሳና አቀበላት። «እንግሊዛዊት ናት። አምሃን ነው የምትፈልገው።»

«የደኑ ቢሮ ነኝ» አለች ሴትዮዋ በደስታ ድምፅ። «ሰኞ ይደውላል ብዬ ነበር፤ ግን ቅጠሉ እስከዚያ አይቆይም። ዛሬ ሁሉም ቀልቷል በይው። ነገ ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዛፍ ላይ የሚቀር የለም።»

የሻረግ አፏን ከፈተች። ሃያ ሰው ያያታል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚረዳውን ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ ነው። ይቺ ሴት አጠገቧ ማን አለ? ደግሞም አምሃ እስካሁን በሕይወት ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው።

«እነግረዋለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «በጣም ደስ ይለዋል።»

ስልኩን ስታስቀምጥ እማማ ጸሃይነሽ ጠጋ አሉ። «ማን ናት ልጄ?»

«የሚያውቃት ናት፣ እማማ።»

«አረዳሻት?»

«አላረዳኋትም።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ አሮጊቷ። «በስልክ አይሆንም።»

ካሜራው መደርደሪያው ላይ ትናንት ዘርይሁን እንደተወው ተከፍቶ ተቀምጧል። የሻረግ ተነሳች። ሴቶቹ ሊደግፏት ሲነሱ በእጇ መለሰቻቸው። የኋላውን ክዳን ገጠመችው። በሩ ጀርባ የተሰቀለው የአምሃ ጃኬት ኪስ ውስጥ እጇን ከታ ፈለገች፤ ትንሿ ጥቁር ክዳን እሑድ እንደገባች እዚያው ነበረች። ሌንሱ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻትና መዳፏን ከላይ ጭና ሳታነሳ ቆየች።