ሰባቱ የቆርቆሮ ክዳኖች

የመኪና ቀለም ቀቢው ከወረቀት ናሙና ቀለም አያስመርጥም። «ወረቀት ይዋሻል» ባይ ነው። ቀለሙን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ይረጭና ከጋራዡ አጥር ላይ፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ባለ ሁለት ወንበሯን ትንሽ የስፖርት መኪናቸውን ለማስቀባት ሰባት ክዳን አሰቅለው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢመላለሱም አንዱን መምረጥ አቃታቸው። ሰኞ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን ብለው ረቡዕ ብርማው ይሻላል ይላሉ።

«ጋሼ፣ ነፍሴን አወጧት እኮ!» አለ ቀቢው ትዕግሥቱ አልቆ። «ነገ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡና ይገላግሉኝ።»

በማግስቱ ሴትዮዋ መጡ። ክዳኖቹን በቅጡ እንኳ ሳያዩ ባላቸውን አሸከሟቸውና «መንገዱ ጫፍ ድረስ ሂድና አንድ በአንድ ከፍ እያደረግህ አሳየኝ» አሏቸው። መምህሩ እየተነጫነጩ ሄዱ። ጥቁር ሰማያዊው ከአስፋልቱ ጋር ተመሳሰለ፤ ብርማው በፀሐዩ ነጸብራቅ ጠፋ። ቢጫው ከፍ ሲል ግን ሴትዮዋ «እሱ ነው!» ብለው እጃቸውን አወዛወዙ።

«እትዬ፣ ቢጫ እኮ የታክሲ ነው» አለ ቀቢው ፊቱን አጨፍግጎ። «እሳቸው የወደዱት ጥቁር ሰማያዊውን ነበር።»

«እሱማ ውስጥ ተቀምጦ ቀለሙን መች ያየዋል?» አሉ ሴትዮዋ። «በዚህ ዕድሜው ልብረር ሲል፣ መምጣቱን መስኮት ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

ቀቢው ክርክሩን ትቶ የቢጫውን ጣሳ ከፈተ።