የማዕረግ ማዕረግ

ለቦንጋ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው፦ ማዕረግ ቤት ተከራየ። አንድ ክፍል ነው። በር አለው፤ መስኮትም አለው፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም።

አከራይዋ እትዬ የሻረግ ብዙ ሰው መልሰዋል። እሱን የመረጡት በሥራው አይደለም። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ በመጣ ሰሞን ቤቱን ሊያይ ገብቶ ተቀምጦ ሳለ፣ እሳቸው ከጓዳ ብቅ ሲሉ እንደ ፌንጣ ዘሎ «ኖር» ስላላቸው ነው። «በእግዜር፣ በእግዜር» አሉና ቁልፉን ሰጡት። ማዕረግ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቅረት አይሆንለትም። ቢሮ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋ በገባች ቁጥር ይነሳል። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ሽማግሌ ሲሳፈር ሊነሳ ሞክሮ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር አጋጭቷል።

ችግሩ የጀመረው በመሥሪያ ቤቱ ትውውቅ ላይ ነው። ኃላፊው «ከሥራ ውጪስ ምን ትሠራለህ?» ብለው ሲጠይቁት «ምንም» ማለት ከበደውና «የብራዚል ጁጂትሱ፣ ያ መሬት ላይ የሚታገሉት» አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። «ሰማያዊ ቀበቶ ነኝ» ሲል ጨመረበት።

እውነቱን የሚያውቁት ማዕረግና እህቱ ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ የተማረው ለሁለት ሳምንት ነው፤ የተማረውም መውደቅ ነው። ሰማያዊው ቀበቶ የእህቱ የመታጠቢያ ጋውን መቀነት ነው። እህቱ እስከ ዛሬ ጋውኗን በእጇ ጨብጣ ነው ከመታጠቢያ ቤት የምትወጣው።

ከጎኑ ያለው ጠረጴዛ የተድላ ነው። ተድላ ወሬውን ከምሳ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ፣ ከምሳ በኋላ ለከተማው አዳረሰ። እሱም ጁጂትሱ ይማር ነበር፤ አሁን ግን ጉልበቱን ተጎድቶ ያነክሳል። በዚሁ ጉልበት የተነሳ የማንኪራ ጫካ የመስክ ሥራ ይቅርብህ ተብሎ፣ ሌላው ጭቃ ሲያቦካ እሱ ቢሮ ይውላል።

«በል እንግዲህ ትምህርት ቤት ምረጥ» አለው ለማዕረግ። «ቦንጋ ሁለት አላት። ሰማያዊ ቀበቶ ይዘህ ዝም ብትል ሰው ምን ይላል?»

ማዕረግ ምርጫውን በጥሞና ያዘው። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሩ አስተማሪ ይፈልጋል፤ እሱ የሚፈልገው ከእሱ ያነሰ የሚያውቅ አስተማሪ ነው። ከተነቃበት ቢሮው መሳቂያ ያደርገዋል፤ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ደካ አዛውሩኝ ብሎ ከማመልከት ሌላ መውጫ የለውም።

መጀመሪያ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሰላሐዲን ትምህርት ቤት ሄደ። በሩ ላይ «የብራዚል ጁጂትሱ» ይላል፤ «የብራዚል» የሚለው ቀለሙ ገና አልደረቀም። ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ይራገጣል።

«ይሄ ካራቴ አይደል እንዴ?»

«ነበር» አለ ሰላሐዲን።

«ብራዚሉ የቱ ጋ ነው?»

ሰላሐዲን የለበሰውን ቢጫ የኳስ ማሊያ ሳብ አድርጎ አሳየው። ቀጥሎ አንድ ጣውላ በእርግጫ ለሁለት ከፈለና «ሰማያዊ ነህ አሉኝ። ነገ እንሞካከር?» አለ።

ማዕረግ ጣውላውን አየ። በማግስቱ ለተድላ «ፍልስፍናው አልተስማማኝም» አለው።

የቀረው አሞጽ ነው። አሞጽ ከአናጢ ቤት ጀርባ፣ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሸራ ወጥሮ፣ ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ ያስተምራል። ሙያውን የቀሰመው ከስልኩ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ እያንዳንዱን ትምህርት መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ሰው እንዴት እንደሚያዝ አሳምረው ያውቃሉ። ከተያዘ በኋላ ምን እንደሚደረግ ገና እየተጫነ ነው። ማዕረግ ይህን ከተድላ ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች።

«ስም?» አለ አሞጽ።

«ማዕረግ።»

«ማዕረግህንማ ነግረውኛል። ስምህን ነው።»

«ስሜ ነው ማዕረግ።»

አሞጽ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ሥርዓት ማለት ይሄ ነው። ስሙን ትቶ በማዕረጉ ይጠራል።»

የማዕረግ ሐሳብ ሰማያዊውን መቀነት ታጥቆ ዳር ተቀምጦ ለማየት ነበር። ተድላ ግን ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ከጥግ ሆኖ «ማስተር፣ እንግዳው ይሞከር እንጂ» አለ።

«ቀበቶውስ» አለች ወንጌላዊት የተባለች ተማሪ፣ «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?»

አሞጽ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ሰማያዊ ቀበቶ በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «ሕጉን እወቅ። እዚህ ምንጣፍ ላይ የወደቀ፣ እኔ ተነስ ሳልል አይነሳም። ከእኔ ማነቂያ ደግሞ ተነስ ብልም የተነሳ የለም።»

ማዕረግ የሚያውቀውን አደረገ፤ ወደቀ። ደህና አወዳደቅ ነበር። አሞጽ ላዩ ላይ ወጣና ኮሌታውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ምነው አይነሳም?» አለች ወንጌላዊት።

«እንዴት ብሎ!» አለ ተድላ። «የእኔን ጉልበት የበላው እኮ ይሄ ማነቂያ ነው።»

«አንገት ሲታነቅ ጉልበት ይሰበራል?»

«ጅማቱ ይገናኛል።»

«ሰማያዊ ቀበቶ» አለ ማዕረግ ከታች ሆኖ፣ ድምፁን እንደምንም አሳንሶ፣ «ያዢው እስኪደክመው ይጠብቃል።»

«አታውራ፣ አየር ያልቅብሃል» አለው አሞጽ። ለተማሪዎቹም አብራራ፦ «አሁን ትንሽ ብጨምር አምቡላንስ ነው።»

ማዕረግ ለማገዝ ያህል ዓይኑን ገለበጠ።

በሩ ተገፋ። እትዬ የሻረግ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ገቡ። «ማዕረግ እዚህ ነው ያለው? ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካንህን...»

«ኖር» አለ ማዕረግ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

እንዴት እንደተነሳ ያየ የለም። አሞጽም ከጎኑ ቆሟል፤ ኮሌታውን የያዙት ሁለት እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረው፣ ጎንበስ ብሎ «ኖር፣ እትዬ» ይላል። ተድላ ደግሞ ከጥጉ ተፈናጥሮ፣ ወንበር በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ምንጣፉን በሁለት እርምጃ አቋርጦ እፊታቸው ደርሷል።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ እትዬ የሻረግ። «ኧረ ተቀመጡ ልጆቼ።»

የተቀመጠ የለም። ተድላ ወንበሩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና እያነከሰ ወደ ጥጉ ተመለሰ፤ በሌላኛው እግሩ።