ልጄ የዘለለቻት መስመር

ሥራዬ የሰው ኮድ ማየት ነው። ከርነል የሚባል አለ፤ የኮምፒውተሩ እምብርት ማለት ነው፣ እሱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ይቆማል። እዚያ ውስጥ አንዲት መስመር ልለውጥ ያለ ሰው ለውጡን ለሁላችንም በኢሜይል ይልካል፣ እኔ አየዋለሁ፣ ካልጣመኝ እመልሰዋለሁ። ብዙ ጊዜ አይጥመኝም። ባልደረቦቼ «ወንፊት» ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

የእኔ ድርሻ ጥቆማ ነው። ፋይሉ ሌላ ማሽን ላይ ሲሆን የተጠየቀው ማሽን «እኔ ጋ የለም፣ እዚያኛው ጋ ሂድ» ይላል፣ ጠያቂውም ይሄዳል። ቢሮ ጉዳይ የገጠመው ሰው ያውቀዋል። ችግሩ አንደኛው መስኮት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው መልሶ ወደ አንደኛው ሲልክ ነው። ሰው ቢሆን ተሳድቦ ቤቱ ይገባል። ማሽን ግን ደርቆ እስኪቀር ይመላለሳል።

እንዲህ የደረቀባት አንዲት የክሊኒክ መዝገብ ሠራተኛ ጻፈችልን። ኮምፒውተሯ አሮጌ ነው፤ በሽተኛው ፊቷ ቆሞ ካርዱ አልከፈት ይላታል። ማረሚያውን ሠርቶ የላከው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ልጄ። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሌላ ድርጅት ውስጥ የምትሠራው የራሴ ልጅ።

አዳላች እንዳልባል ጭራሽ ጠምጄ ያዝኳት። መጀመሪያ የላከችው ውስጥ ጥቆማው ስምንት ጊዜ ከተደጋገመ እንዲያቆም አድርጋለች፤ ሲያቆም ግን የያዘውን ሜሞሪ አይለቅም። «መብራት ሳያጠፉ መውጣት ከማን ተማርሽ?» ብዬ ሁሉም በሚያነበው ላይ ጻፍኩላት። «ከእናቴ» ብላ መለሰች፣ ደፋር። ሁለተኛውንም መለስኩባት። ሦስተኛውን አንብቤ ጨረስኩ፣ ደገምኩ፣ እንከን አጣሁለት። ብቻዬን ፈገግ አልኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

ልፈርም ስል አንድ ነገር ጎደለኝ። እኛ ዘንድ ደንብ አለ፤ ስህተት ያረመ ሰው ስህተቱን ያመጣው የትኛው የድሮ ለውጥ እንደሆነ ከሥሩ ይጽፋል። የድሮ ቨርዥኖችን የሚጠብቁት ሰዎች ማረሚያውን የሚወስዱት ያቺን መስመር አይተው ነው። መስመሯ ከሌለች የመዝገብ ሠራተኛዋ አሮጌ ማሽን ምንም አይደርሰውም። ልጄ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ ምን ነካት ብዬ የኮዱን የለውጥ መዝገብ ወደ ኋላ ቆፈርኩ። ስህተቱ የገባው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ለምሳ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ያዝኳት።

«መስመሯ የት አለች?»

ዓይኗን ሰበር አደረገች። «እማ፣ ምን ልበል? ያጠፋችው እናቴ ናት ብዬ ሰው ሁሉ በሚያየው ላይ ልጻፍ?»

«ጻፊያ።»

«ይስቁብሻላ። ስንት ዓመት ሙሉ ስታርሚያቸው ኖረሽ።»

«ይሳቁ፣ ደግ አደረጉ።» ተናድጃለሁ። «ስሚ፣ ያንን ኮድ የጻፍኩት በአንድ እጄ ነው። በሌላው አንቺን ይዤ ነበር። የሦስት ወር ልጅ ነሽ፣ ካስቀመጥኩሽ ታለቅሻለሽ። አላፍርበትም። ያቺ ሴት ግን ለእኔ ስም ሲባል በሽተኛ አቁማ መቅረት የለባትም።»

ቦርሳዋን ከፈተች። ከዚያ ኮምፒውተሯን አወጣች፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ መስመሯን ጨምራ ላከች። እኔም እዚያው ከትከሻዋ በላይ አንብቤ፣ ወደ ኮምፒውተሬ ሄጄ «አይቼዋለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

በአሥረኛው ቀን የመዝገብ ሠራተኛዋ ካርዱ መከፈት ጀመረ ብላ ጻፈች። ባልደረቦቼ እንደተባለው ሳቁ። አንዱ «ለካ ወንፊትም ይቀደዳል» አለኝ።

«ይቀደዳል» አልኩት። «የምትሰፋውን ወልጃለሁ።»

የማረሚያዋን ገጽ አትሜ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፣ ሌላው ሰው የልጁን የምረቃ ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ። እንግዳ ምንድን ነው ሲለኝ «ልጄ እናቷን ያረመችበት ነው» እላለሁ። ቁጭ ካለልኝ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነብለታለሁ።