በጠመኔ የተከበበ ቅዳሜ

እማምዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆመው እንከን ሲፈልጉ ኖረዋል። ጨርቁ በፊታቸው ያልፋል፤ የተበጠሰ ክር፣ የፈሰሰ ቀለም፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካዩ በጠመኔ ይከቧታል። ከእሳቸው ቀጥላ የተቀመጠችው ሠራተኛ ክቡን አይታ ትጠግናለች። ጡረታ ሲወጡ ጠረጴዛው እዚያው ቀረ፤ ዓይናቸው ግን አብሯቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ በፊታቸው የሚያልፈው ዓለም ራሱ ሆነ። ዓለም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥራቱ ተጠብቆ የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ልጃቸው ነርስና የሁለት ልጆች እናት ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አምስት ቅዳሜ፣ አምስት ቦታ ብላ በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች። ሁሉም መግቢያ የማይከፈልባቸው፣ በከተማ አውቶቡስ የሚደረስባቸው፣ ምሳ ከቤት ተቋጥሮ የሚበላባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ የወንዝ ዳር ነበር፤ እማምዬ ጎርፍ ታያቸውና አይሆንም አሉ፣ ቀረ። ሁለተኛው ከከተማው ጀርባ ያለው ጉብታ ነበር፤ ንፋሱ ትንሹን ልጅ አንሥቶ ይወስደዋል አሉ፣ እሱም ቀረ። ትንሹ ልጅ ከክብነቱ የተነሣ ቤት ውስጥ ድንች እየተባለ ነው የሚጠራው። እሱን የሚያነሣ ንፋስ ገና አልነፈሰም።

በሦስተኛው ሳምንት ነርሷ እናቷን አጠገቧ አስቀመጠችና ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻቸው።

«እማዬ፣ ቅዳሜ የድሮው መናፈሻ እንሄዳለን። አንቺም ትመጫለሽ። ግን አንድ ጊዜ አይሆንም ካልሽ፣ የቀሩትን ቅዳሜዎች ቤት ነሽ።»

ዘጠኝ ዓመቷን የያዘችው ትልቋ የልጅ ልጅ ነገር እንዲጸና ትወዳለችና እርሳስ አምጥታ ከወረቀቱ ግርጌ «አይሆንም ያለ ሰው ቤት ይቀራል» ብላ ጻፈች። ሥሩንም አሰመረችበት።

እማምዬ ቤት መቅረቱ ብዙም አላስጨነቃቸውም። ያንገበገባቸው ልጆቹ እሳቸው በሌሉበት፣ ያለ አንድ የሚያይ ዓይን፣ በዚያ ባልተፈተሸ ዓለም ላይ መለቀቃቸው ነው። አንድ ቀን ሙሉ አሰቡ። በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጉልበቴን ክሊኒክ ላሳይ ብለው ከቤት ወጡ። ለነርስ እንዲህ ብሎ መዋሸት ልብ ይጠይቃል። ከአሮጌው የሥራ ሽርጣቸው ኪስ ጠመኔ አወጡና በአውቶቡስ ቀጥ ብለው መናፈሻው ገቡ።

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ክፉውን ቦታ ሁሉ ይከቡታል፤ ቅዳሜ ክብ ባዩበት ሁሉ «ያቺን ወፍ አያችኋት?» እያሉ ልጆቹን ወደ ሌላ ይመራሉ። አይሆንም የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ሳትወጣ ቀኑ ይመሻል። እናም የድልድዩን የላላ ሳንቃ ከበቡ። እግሩ የሚንገዳገደውን አግዳሚ ወንበር፣ የዥዋዥዌውን ያፈጠጠ ሚስማር፣ እሾኹን መንገድ ላይ የዘረጋው ቁጥቋጦ ሥር ያለውን ድንጋይ፣ ተርብ የሰፈረበትን ግንድ ከበቡ። በመጨረሻ በሣራማው ቁልቁለት አናት ላይ ያለውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ከበቡት። ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ ለጊዜው እንተወው።

ቤት ሲገቡ ፀጉራቸው ውስጥ ሣር ነበር። ነርሷ ክሊኒኩ ምን አለሽ ብትላቸው፣ እንቅስቃሴ አብዢ ብለውኛል አሉ።

ቅዳሜ ተነሡ። አማቻቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ለአንድ ቀን ተሳፋሪ መሆኑ ደስ ብሎት በየፌርማታው ሹፌሩን ሲያርም ሄደ። ነርሷ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ሙዝ ይዛለች። እማምዬ የያዙትን አትጠይቁ፤ ፋሻ፣ ፊሽካ፣ ሦስት ሹራብ፣ መርፌና ክር፣ ለክፉ ቀን ደግሞ ተጨማሪ ፋሻ።

የመናፈሻውን በር አልፈው ሃያ እርምጃ ሳይራመዱ ድንች ቆመና ጣቱን ቀሰረ። «እዩ፣ ክብ።»

ትልቋ አጎንብሳ መረመረችው። ሌላ ክብ ወዲያ አየች። ጨዋታ ነው ብላ ፈረደች፤ ሰው አስቦ ለልጆች ያዘጋጀው ጨዋታ ነው፣ ሕጉም ክብ ያለበት ላይ ሁሉ ሦስት ጊዜ መዝለል ነው። እማምዬ ስለ ወፍ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሁለቱም የላላው ሳንቃ ላይ ነበሩ። አይሆንም ጉሮሯቸው ድረስ መጣች። የሻርፓቸውን ጫፍ ጎረሱ። ድንች ዘለለ፤ ድልድዩ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሳንቃው ግን ንቅንቅ አላለም።

እንዴት ነው ነገሩ አሉ በልባቸው። ሐሙስ ዕለት በእጃቸው ሲነኩት ይጨፍር የነበረ ሳንቃ ነው።

ልጆቹ ወንበሩ ላይ ወጡ፤ ወንበሩ እንደ ዓለት ጸጥ አለ። ዥዋዥዌውን ያዙ፤ ሚስማሩ የለም። ቁጥቋጦው ተከርክሟል፣ ግንዱ ላይ አንድ ተርብ የለም። እማምዬ ሻርፓቸውን እያኘኩ ከኋላ ከኋላ ይሮጣሉ። ጉልበታቸው ትዝ አላላቸውም፤ ነርሷ ግን ያንን ጉልበት ልብ ብላ ታየዋለች።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ አንድ ቱታ የለበሰ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየተቻኮለ መጣ። የመናፈሻው አትክልተኛ ነው። ሌላውን ትቶ እማምዬ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ከማዘጋጃ ቤት ሰው ይልካሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለ። «እንከን ያሉትን አምስቱንም ትናንት ሲመሽ ጨርሻለሁ። ይሄ ስድስተኛው ነው የቸገረኝ። ድንጋዩን ዞሬ ዞሬ አየሁት፣ ምንም የለውም። ግን እርስዎ ሦስት ጊዜ ነው የከበቡት።»

ሹፌሩ የማዘጋጃ ቤት ሰው ማን ናት ብሎ ጠየቀ። አትክልተኛው በአክብሮት ወደ እማምዬ አመለከተ። ሐሙስ ዕለት ከሩቅ ሲያያቸው እንደነበረና እንደሳቸው ያለ ቁጥጥር በሥራ ዘመኑ አይቶ እንደማያውቅም ነገራቸው። ቁልቁለቱን በዓይን አይተው አላለፉትም። ከአናቱ እስከ ግርጌው ሦስት ጊዜ ተንከባልለው ነው የፈተሹት።

ነርሷ እናቷን ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ተመለከተች። «ክሊኒኩ ይሄ ነዋ።»

ከዚህ በኋላ መሸሸጊያ አልነበረም። እማምዬ ተናዘዙ። መጀመሪያ እግራቸው አድጧቸው ነው። ሁለተኛው ጥፋቱ የእግራቸው ይሁን የሣሩ ለማጣራት ነው።

«ሦስተኛውስ?» አለ አማቻቸው፤ ሳቁን አፍኖ ፊቱ ቀልቷል።

እማምዬ ወደ ሰማይ አዩ። «ሦስተኛው ጥሩ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።»

ልጆቹ በዚያው ቅጽበት ለመንከባለል ሣሩ ላይ ተዘረሩ። እማምዬ ግን እጃቸውን ዘርግተው አገዷቸው፤ ከሐሙስ ወዲህ ማን ምን እንደጣለበት አይታወቅምና መጀመሪያ እሳቸው ይፈትሹታል። ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ በጎናቸው ተጋደሙ።

«እማዬ፣ አይሆንም!» አለች ነርሷ።

ትልቋ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች፤ አስተያየቷ ሥሩ የተሰመረበት ነበር። ድንች በሁለት እጁ አፉን ያዘ። አትክልተኛው ምን እንደተፈጠረ ባይገባውም ባርኔጣውን መልሶ አደረገ።

እማምዬ ሣሩ ላይ እንደተጋደሙ ለፍርድ ብዙም አልቆዩም። ልጄ ናት፣ የመጀመሪያ ጥፋቷ ነው፣ ይቅርታ ይደረግላት አሉ፤ ነገር ግን ይቅርታ በነፃ አይገኝም፣ አጠገቤ ትተኛ።

ነርሷ አማራጭ ፍለጋ ባሏን አየች። ባሏ ቦርሳዎቹን እየተቀበላት ነበር። ሣሩን በእጇ ዳሰሰች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ተኛች። ከዚያ እናትና ልጅ እየተንከባለሉ ሲወርዱ የተሰማውን ጩኸት የመናፈሻው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ሰምታዋለች። የቱ ጩኸት የማን እንደሆነ ግን የለየ የለም።

እማምዬ እያለከለኩ፣ ሣር በሣር ሆነው፣ ዳገቱን መልሰው ወጡና ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። ድንጋዩ ላይ አራተኛ ክብ ከበቡ። ከዚያ ከልጆቹ መሀል ገብተው ተጋደሙና በግራና በቀኝ እጃቸውን ያዙ። አምስተኛው ክብ ሊከበብ ነው።