ጋን ውስጥ የገባው እንግዳ

የርብ ወንዝ ሞልቶ የሩዝ ማሳውን ሲያጥለቀልቅ፣ አራት ቀረሶ የሚባሉ ቅርፊታም ዓሦችና አንድ አምባዛ እየዋኙ ወደ ገበሬው የኔሰው ቤት ገቡ። ምን ያደርጋል፣ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ዓሣ አይበላም! ምራቁን እየዋጠ ሁሉንም በአንድ ጋን ውሃ ውስጥ አኖራቸው።

«አምባዛው ምን ያደርግልሃል? ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደሆነ አትበላም!» አለችው ጋኑን የሠራችው ሚስቱ እናትነሽ።

«ጎርፍ ያመጣውን እንግዳ እንዴት ለይቼ ላባርር?»

ጥሬ እየቆረጠመ ጋኑን ሲዞር ከረመ። ጾሙ በተፈታ ማለዳ ድስቱን አስጥዶ፣ ሚጥሚጣውን አዘጋጅቶ ክዳኑን ከፈተ። ቀረሶ የሚባል የለም! አምባዛው ብቻ ሆዱን ነፍቶ፣ ሪዙን እያወዛወዘ ቀና ብሎ አየው።

«አንተ ከሃዲ!» ብሎ ጮኸ የኔሰው፤ «እኔ ስጾም አንተ ስትገድፍ ከረምህ?»